ሦስት ሐሙስ ያስዋሸ ቆጣሪ

በጋራዣችን የመጨረሻዋ በር የእሱ ነበረች። ከቀለም መቀቢያው ጀርባ ያለች፣ ድሮ አሮጌ ጎማ የሚከመርባት፣ መስኮቷ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የመኪና ፍጥነት መለኪያ ሲጠግን ኖሯል። እኛ «የፍጥነት መለኪያ» ብለን እስክንጨርስ ስለሚመሽብን «ቆጣሪ» እንላለን፤ እሱንም «ጋሽ ቆጣሪ» እንዳልነው ቀረ። ስሙ ከመለመዱ የተነሳ አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የቤቴ ውሃ ቆጣሪ አበዛብኝ ብላ ልትወስደው መጣች። እሱ ፈገግ እንኳ ሳይል፣ «እትዬ፣ እኔ የማውቀው ጎማ ያለውን ብቻ ነው» አላት።

እኔ ባቲላሜራ ነኝ፤ የተጨማደደ ኮፈንና የተጣመመ በር እየደበደብኩ አቃናለሁ። ቀኑን ሙሉ የምኖረው በጩኸት ነው። የእሱ ሥራ ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ ከምስር የማትበልጥ ጥርሳም ማርሽ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሠራው። እኔ መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር ማርሿ ከእጁ ስለምትዘል ቀስ በቀስ በሩን መዝጋት ጀመረ። ሲዘጋ ማንም ምን ሆንክ አላለውም። ዛሬ ሳስበው ጥፋታችን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሚስቱ ሞታ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። አንዲት ልጁ አግብታ ሩቅ አገር ሄዳለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «በላህ?» «በላሁ።» በዚሁ ያበቃል። ምሳ ሰዓት ላይ «ና እንጂ» ስንለው «ብሉ፣ እኔ በልቻለሁ» ይለናል። መብላቱን ያየ ሰው የለም። ሥራውም እየሳሳ መጥቶ ነበር። የዛሬ መኪና ቆጣሪው ሲበላሽ አውጥቶ ሌላ መግጠም ነው፤ የሚቀይር በዛ፣ የሚጠግን አነሰ። አንዳንድ ሳምንት ያቺ በር ጠዋት ትከፈትና ማታ ትዘጋለች፣ በመሐል ማንም አያንኳኳትም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንዲት ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት አመድማ መኪና እየነዳች መጣች። መኪናዋ ያረጀች ብትሆንም በንጽሕና የተያዘች ናት። መምህርቷ ከመኪናዋ ስትወርድ ብብቷ ሥር ደብተር ይዛለች። የደረሰችው እኔ ዘንድ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ።

«ቆጣሪው ይሠራል፣ ከዚያ ይሞታል፣ ከዚያ ደግሞ ይሠራል» አለችኝ። «ሦስት ጋራዥ ሄጃለሁ። አንዱ ሴንሰሩን ቀየረው፣ አንዱ ቆጣሪውን ራሱን ቀየረው። ሦስተኛው አብሮኝ ዞሮ ምንም ስላላገኘ፣ ‹እናቴ፣ መኪናዋ ከእርስዎ ጋር ብቻ ነው የምትቀልደው› ብሎ ሳቀብኝ።»

ወደ መጨረሻዋ በር ወሰድኳት። ጋሽ ቆጣሪ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ሳያቋርጣት አዳመጣት። ሰው ነገሩን እስኪጨርስ የሚሰማ መካኒክ አይታ ስለማታውቅ ይመስለኛል፣ ወንበር ሳይሰጣት ራሷ ስባ ተቀመጠች።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሟ ነበረች። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ሞተው ያሳደጋት እሱ ነው፤ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። አሁን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ግማሽ አካሉ አይታዘዝም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ባለ ሆስፒታል ተኝቷል። እሷ ሐሙስ ሐሙስ እየነዳች ትጠይቀዋለች። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም።

«ለሙከራ ብቻችሁን ውሰዷት ብል ግን አልችልም» አለች። «የወንድሜ ናት፣ ያለ እኔ ከግቢ አትወጣም። ሌሎቹም ጋራዥ እንዲሁ ነው ያደረግሁት፤ እኔ እነዳለሁ፣ እነሱ አጠገቤ ይቀመጣሉ።»

ጋሽ ቆጣሪ ደብተሯን ገልጦ አየ። ቆጣሪው የሞተበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ ዝናቡ፣ ፀሐዩ፣ መንገዱ አስፋልት ይሁን ኮረኮንች፣ ሁሉም በሠንጠረዥ ተሰምሯል።

«በዚህ ዓይነት ተማሪዎችዎ ይፈሩዎት ነበር» አላት።

«እስካሁንም መንገድ ይቀይሩብኛል» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ክፍል ሳቅ ሲወጣ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

ሥራውን እንደ ልማዱ ከሥር ጀመረ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ፣ ካምቢዮው ላይ ያለው ሴንሰር ምልክት መስጠት አለመስጠቱን በቴስተር ለካ፤ ይሰጣል። ቆጣሪውን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ለብቻው ፈተነው፤ ቀስቷ ሳትንቀጠቀጥ ከዜሮ እስከ መጨረሻው ወጥታ ወረደች። «ሁለቱ ዳርና ዳር ደህና ከሆኑ በሽታው መሐል ነው» አለ። መሐሉ ሽቦ ነው። ከፊት ከተሳፋሪው ወንበር በኩል ገብቶ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ሽቦውን ከዳር እስከ ዳር ለካው። እሱም ደህና ነው።

አብረው ወጥተው ነዱ፤ እሷ መሪው ላይ፣ እሱ አጠገቧ። ከከተማው ውጭ በየኪሎሜትሩ ድንጋይ የተተከለበት መንገድ አለ። ሰዓቱን አውጥቶ፣ «በስልሳ ይያዙልኝ። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ልክ አንድ ደቂቃ ከሆነ ቆጣሪው አይዋሽም» አላት።

«ይህንን እኮ ለሰባተኛ ክፍል አስተምረው ነበር» አለች። አሥር ድንጋይ ቆጠሩ። አሥር ደቂቃ ሆነ። ቀስቷ እንደ ተቸነከረች ስልሳ ላይ ቆመች።

ተመልሰው ሲመጡ መምህርቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «አያምኑኝም አይደል? እኔም ራሴን ማመን እየተውኩ ነው። እነሱ እንዳሉት አርጅቼ ይሆን?»

«መምህር፣ እኔ ያላየሁትን በሽታ የለም አልልም» አላት። «ሐሙስ አብሬዎት ልምጣ። የሚሞትበትን መንገድ ሄጄ ልየው።»

በመጀመሪያው ሐሙስ ቀስቷ ደርሶ መልስ ንቅንቅ አላለችም። የሆነው ሌላ ነገር ነው። ሆስፒታሉ ደርሰው ወደ ወንድሟ ክፍል ገቡ። ሰውየው ግድግዳ ጥግ፣ መስኮት አጠገብ ተኝቷል፤ ከበሽታው በኋላ ከአንደበቱ የቀረችለት አንዲት ቃል ብቻ ናት። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «እሺ»፣ «አመመህ?» ሲሉት «እሺ»፣ ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣም «እሺ»። እህቱ ፀጉሩን አበጠረችለት፤ ጋሽ ቆጣሪ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቆም ስለከበደው የሚንጫጫውን የአልጋውን ብሎን በኪሱ ካቻቢቴ አጠበቀው። ከዚያ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ይዛው የመጣችውን ምሳ በሉ።

በመመለሻው ስለ ሚስቱ ነገራት። እኔ ስድስት ዓመት ስጠብቅ ያልነገረኝን፣ ለእሷ በአንድ ሰዓት መንገድ ነገራት። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድቶ አንዱን መልሶ ማንቆርቆሪያው ውስጥ እንደሚገለብጥ ሳይቀር።

ሁለተኛው ሐሙስ ዝናብ ነበር። መምህርቷ የሆስፒታሉ ብርድ ልብስ ሳስቷል ብላ ሁለት ወፋፍራም ብርድ ልብስና ትራስ ጠቅልላ የፊት ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ቀበቶ አስራበት ጠበቀችው። «ዛሬ የፊቱን እንግዳ ይዞታል፣ ጋሼ፣ ከኋላ ይግቡ» አለችው። ጃንጥላውን ይዞ ከኋላ ገባ።

አሥራ ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ቀስቷ ሁለት ጊዜ ተርገበገበችና ወደቀች።

«ይኸው! ይኸው ሞተ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ የምሥራች የደረሳት ሰው ነበር የሚመስለው። «አዩት? አበድኩ እንዴ?»

«አየሁት መምህር። ዓይንዎን ከመንገዱ አያንሱ።»

ያን ጊዜ ነው የገባው። በደብተሯ በፀሐይም በዝናብም ይሞታል፤ የዛሬው ለውጥ አንድ ብቻ ነው፤ ከአጠገቧ ወንበር ፊት ወለሉ ላይ የሰው እግር የለም። ሁሉም መካኒክ ሊያየው የመጣው አጠገቧ ተቀምጦ ነው። እሱም ሽቦውን ሲለካ የተንበረከከው እዚያው ወለል ላይ ነው። በደብተሯ ሠንጠረዥ ውስጥ «ማን አብሮኝ ነበር» የሚል ረድፍ የለም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ማንም» ስለሆነ መጻፉ አልታያትም። ጃንጥላውን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ቀስ አድርጎ አሳልፎ፣ በጫፉ ከፊት ያለውን ምንጣፍ ተጫነው። ቀስቷ ብድግ አለች። ለቀቀው፤ ወደቀች። እሷ መንገዱን እያየች ስለነበር ጃንጥላውን አላየችም።

«ተመለሰ! ደግሞ ሄደ! ምን አገኙ ጋሼ?»

ኋላ ለእኔ ሲነግረኝ እንዲህ ነው ያለኝ፦ «አፌን ስከፍት እውነቱን ልናገር ነበር። ምላሴ ቀደመኝ።»

«ገና ነው» አላት። «ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ሐሙስም ልምጣ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ መጣ። ከዚያም በኋላ ባለው መጣ። ፊት ተቀመጠ፣ ቀስቷም እንደ ጨዋ ልጅ ቀጥ ብላ ዋለች። በእነዚያ ሳምንታት እኛ ያየነው የለወጠውን ሸሚዝ ነው። ረቡዕ ማታ ፀጉሩን ተስተካከለ። ቀለም ቀቢው «ጋሽ ቆጣሪ ሊያገባ ነው» ብሎ ቀለደ፤ እሱ ግን የፈለገው ማግባት አልነበረም። የፈለገው በሳምንት አንድ ቀን «ጋሼ፣ መስኮቱን ልዝጋልዎት?» የሚለው ሰው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እነግራታለሁ» ይላል፤ ማታ ሲለያዩ «ለሳምንት» ይላል። ራሱን የሚያጽናናውም በአንድ ነገር ነበር፦ እኔ አጠገቧ እስካለሁ ይሠራል፣ ምን ትሆናለች?

ከአራተኛው ሐሙስ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ነርሷ ደወለችላት፤ ወንድሟ ትንፋሽ አጥሮታል። መምህርቷ ሐሙስን አልጠበቀችም፤ ብቻዋን ተነሳች። መንገዱ ርጥብ ነው፣ ቀስቷ ዜሮ ላይ ተኝታለች፣ ልቧ ደግሞ ቀድሟት ሄዷል። በምን ፍጥነት እንደምትሄድ የሚነግራት አልነበረም። አሥራ ዘጠነኛው ድንጋይ አለፍ ብሎ ያለው ኩርባ ላይ መኪናዋ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። የጭነት መኪና ሾፌር አግኝቷት እዚያው ወንድሟ ያለበት ሆስፒታል አደረሳት። የግራ እጇና የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ወንድሟ ከሕመሙ ተርፎ ፎቅ ላይ፣ እሷ ከእሱ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ፣ አራት ቀን ሳይተያዩ ተኙ።

መኪናዋን ጎትተው ወደ እኛ አመጧት። ኮፈኑ እንደ ወረቀት ተጨማዷል። መዶሻዬን ሳነሳ ጋሽ ቆጣሪ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። በተሳፋሪው በኩል ያለውን የፊት በር ከፍቶ ምንጣፉን ገለጠው። ከሥሩ ሽቦ የሚገናኝባት ትንሽ ሶኬት አለች፤ በፊት መስታወቱ ጎማ በኩል ውሃ እየገባ ውስጧን አረንጓዴ ዝገት በልቷታል። በጣቱ ሲጫናት ትገናኛለች፣ ሲለቃት ትላቀቃለች።

«ይህችን ካወቅኋት አሥራ ስምንት ቀኔ ነው» አለኝ።

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ። መዶሻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

ሶኬቷን ቆርጦ ጣላት፤ ሽቦዎቹን በቀለጠ ስታኞ አያይዞ ሸፈናቸው፣ የመስታወቱንም ጎማ ለወጠ። የፈጀበት ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ከዚያ ቤቷ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ጎረቤቷ ናት። መምህርቷ እጇ አንገቷ ላይ ታስሮ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች።

«መጡ ጋሼ! እንኳን መጡ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል፣ መምህር።» ነገራት። ጃንጥላውን፣ ምንጣፉን፣ ሁሉን ነገራት።

አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ተማሪ እንደምትጠይቅ አድርጋ፣ «መቼ አወቁ?» አለችው።

«ብርድ ልብሱን የወሰድን ቀን።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«ከተሠራ ሐሙስ ይቀርብኛል ብዬ።»

«ቢጠይቁኝ እኮ እወስድዎት ነበር» አለችው። «ቆጣሪው ደህና ቢሆንም እወስድዎት ነበር። እኔስ ያንን መንገድ ብቻዬን መሄድ ወድጄ መሰለዎት?»



«እንግዲህ ይሂዱልኝ» አለች።

ሄደ። ሐሙስ ደረሰ፤ መምህርቷ መንዳት አትችልም። እሱ ሳይነግራት፣ ማንም ሳይልከው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ወንድሟን ሊጠይቅ ሄደ። አሥር ሐሙስ እንዲህ አደረገ። ፀጉሩን ያበጥርለታል፣ ትራሱን ያስተካክልለታል፣ ቁጭ ይላል። ለሁለተኛ ጊዜ በሄደ ቀን ያደረገውን ሁሉ ለሰውየው ተናዘዘለት፦ «እህትዎን ለዚህ ያበቃኋት እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ ሰውየው።

«ይቅር ባይሉኝም አልቀየምም።»

«እሺ።»

ይህን ሲነግረኝ ስቄ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። «ያን ቀን ብርድ ልብሱን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ» አለኝ።

በአሥራ አንደኛው ሐሙስ በሩ ተከፍቶ መምህርቷ ገባች። እጇ ተፈቷል፣ የመኪና ቁልፍ ይዛለች። ነርሷ አስቀድማ ነግራት ስለነበር እዚያ ስታገኘው አልደነገጠችም። እሱ ግን ክው ብሎ ተነሳ፣ ኮፍያውን አነሳ፣ በአልጋው በሌላው በኩል ዞሮ ሊወጣ ሲል ተናገረች።

«ሐሙስ የእኔ ነው» አለችው ዓይኗን ከወንድሟ ሳታነሳ። «ማክሰኞ ግን ማንም አይመጣለትም።»

«እሺ» አለ ጋሽ ቆጣሪ። እሷ በመኪናዋ፣ እሱ በአውቶቡሱ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ የጋራዣችን የመጨረሻዋ በር ዝግ ሆነች። ጠያቂ ሲመጣ «ሆስፒታል ሄዷል» እንላለን፤ «ምነው አመመው?» ሲሉን ማስረዳቱ ይከብደናል። ሁለቱ ዳግመኛ አንድ መኪና ውስጥ አልተቀመጡም። እሷ መኪናዋን ለሌላ ጥገና ስታመጣ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ስለ ወንድሟ እንቅልፍ ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጣሉ፣ ያ ነው። እኛም ምሳ ሰዓት በሩን ማንኳኳት ጀመርን። አንዳንድ ቀን ወጥቶ አብሮን ይበላል፤ አንዳንድ ቀን አሁንም «በልቻለሁ» ይለናል፣ እኛም አናምነውም።

ሰውየው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ አንድ እሁድ አረፈ። መምህርቷ በለቅሶው ተይዛ፣ የሆስፒታሉ ሰዎችም ስልክ ቁጥሩን ስላልያዙት፣ ለጋሽ ቆጣሪ የነገረ አልነበረም። ማክሰኞ እንደ ወትሮው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ደረጃውን ወጣ። መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ ተኝቷል። ነርሷ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ያዝ አደረገችው፤ በዚያው ገባው።

በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው ቀና ብሎ ፌስታሉን አየ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለው።

«እዚህ ተኝተው የነበሩትን ሰው ነበር» አለ። ከዚያ፣ «እርስዎስ ጠያቂ አለዎት?»

«የለኝም» አለ ሽማግሌው።

ጋሽ ቆጣሪ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ፤ ብርቱካኑን መላጥ ጀመረ።